አንድ ትንሽ ፋይል በስድስት ኮምፒውተር ላይ፦ በሆስትስ ፋይል ጎጂ ገጾችን ስንዘጋ የሆነው

## መነሻ

ሆስትስ ፋይል ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ ስሞችን የሚያይበት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ጎጂ ገጾችን ለመዝጋትም ይጠቅማል። ስለሱ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሚታገዱ ገጾችን ዝርዝር አውርድ፣ ለጥፍ፣ ሴቭ አድርግ፣ በቃ። እኔም ለዓመታት ለሰው የምናገረው ይህንኑ ነበር። ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳይ ግን አንደበቴን አሳጥሮልኛል። ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ እስከ መጨረሻው ማስተካከያ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። ከተፈጠረው ችግር ግማሹ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱንም አልደብቅም።

የቢሮውንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። የዘጋናቸውን ገጾች ስምም አልዘረዝርም። እነዚህ ገጾች ዛሬ አንድ ስም ይዘው ነገ በሌላ ይመጣሉ፤ ዝርዝሩ ለማንም አይጠቅምም።

## የቢሮው ሁኔታ

ስድስት ሰው የሚሠራበት የሒሳብ ሥራ ቢሮ ነው። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ፕሪንተር አለው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው። አራቱ ደህና ጉልበት አላቸው። ሁለቱ አሮጌ ናቸው፤ ራማቸው 4 ጊጋባይት ነው፣ ሃርድ ዲስካቸውም ገና የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀጥሮ አያውቅም። ነገር ሲበላሽ የሚደወለው ለኔ ነው።

ኃላፊዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ስለ ኮምፒውተር ሲነሳ "እኔ የማውቀው ኤክሴልን ብቻ ነው" ይላሉ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልናገር። ስድስቱም ሰዎች የሚገቡት በአድሚን አካውንት ነበር። ማንም የፈለገውን መጫን፣ የፈለገውን መቀየር ይችላል። ይህን በመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ። "ሥራ በዝቶባቸዋል፣ በኋላ እንደርስበታለን" ብዬ አለፍኩት።

## ችግሩ

የተጠራሁት ሁሉም በሚያማርሩት ነገር ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ "ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ አሁኑኑ ያጽዱ" የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ሲዘጉት ይመለሳል። ከተነካ የአንቲቫይረስ መልክ የያዘ፣ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ይከፈታል። ከዚያ የቁማር ገጽ፣ ከዚያ "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚል። አንዱ ሠራተኛ "ኮምፒውተሬ ብቻዋን ማውራት ጀምራለች" አለኝ።

ሁለተኛ አቤቱታም ነበር፤ ያነሳችው አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ናት። እሷም እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠረችውም። ልወጣ ስል በር ላይ ነው የነገረችኝ። "የባንኩ ድረ ገጽ ሰሞኑን ተበላሽቷል መሰለኝ። ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም እያለ አላስገባ ብሎኛል። ግን ችግር የለውም፣ በስልኬ እየሠራሁ ነው።"

እኔም ባንኩ ሰርተፍኬቱን (የድረ ገጹን እውነተኛነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ማስረጃ) ሳያድስ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነገሩ ከነከነኝ። ስልኳ የሚጠቀመው ያንኑ የቢሮውን ዋይፋይ ነው። ባንኩ ከተበላሸ ለስልኩም ለኮምፒውተሩም ነው የሚበላሸው። አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ ጥፋቱ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ተመለስኩ።

## ሆስትስ ፋይል ባጭሩ

የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ስሙን ወደ አይፒ ቁጥር መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠራለት ዲኤንኤስ ነው። ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት ግን የራሱን ኪስ ይፈትሻል። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ሆስትስ ፋይል ነው። ስሙ ከነቁጥሩ እዚያ ላይ ከተጻፈ ሌላ ማንንም አይጠይቅም።

ፋይሉ ከዲኤንኤስ ይቀድማል። በአርፓኔት፣ ማለትም ኢንተርኔትን በቀደመው ኔትወርክ ዘመን፣ በአሜሪካ በስታንፎርድ ምርምር ተቋም የነበረው የኔትወርክ መረጃ ማዕከል በኤልዛቤት ፋይንለር መሪነት የኮምፒውተሮቹን ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል መዝግቦ ይይዝ ነበር። ሌሎቹ ያንን እየገለበጡ ይወስዳሉ። ኔትወርኩ ሲያድግ ይህ አሠራር አላዋጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈ። ፋይሉ ግን ጡረታ አልወጣም። ዛሬም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ለማገድ የሚጠቅመው በዚሁ ባህሪው ነው። ከማይፈለገው ገጽ ስም ፊት 0.0.0.0 ከተጻፈ ኮምፒውተሩ የትም አይደርስም። 127.0.0.1 የሚጽፉም አሉ፤ እሱ "ወደ ራስህ ተመለስ" እንደማለት ነው። እኔ 0.0.0.0ን እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ሰርቨር ቢኖር ጥያቄው እሱን ሄዶ አያንኳኳም።

ሊያግድ የሚችል ነገር ግን ሊያሳስትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 የወጣው "ማይዱም ቢ" የተባለ ዎርም (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) የአንቲቫይረስ ኩባንያዎችንና የማይክሮሶፍትን ስም በዚህ ፋይል ውስጥ ጽፎ ነበር። የተያዘው ኮምፒውተር መድኃኒቱን እንዳያገኝ ማለት ነው።

## ፋይሉን ስንከፍተው

ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ የሚገኘው ሲስተም32 ውስጥ፣ ከዚያ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ነው። ከስሙ ኋላ የሚቀጠል ኤክስቴንሽን (እንደ "ቲኤክስቲ" ያለ) የለውም። በኖትፓድ ይከፈታል። ያልተነካው የዊንዶውስ ፋይል ሙሉ በሙሉ ማብራሪያ ነው። መስመሮቹ በ# ይጀምራሉ፤ # ያለበትን መስመር ኮምፒውተሩ ይዘለዋል። "ራይኖ ዶት አክሚ ዶት ኮም" የሚል ምሳሌ እንኳ አለበት፤ ከስንት ዊንዶውስ ወዲህ አብሮ የኖረ ምሳሌ ነው።

የሷን ስከፍት ልክ እንደዚያው ነበር። ማብራሪያ፣ #፣ ራይኖ፣ አለቀ። ልዘጋው ስል ዓይኔ በጎን ያለው ስክሮል ባር ላይ አረፈ። የሚጎተተው ክፍል በጣም ትንሽ ነው። የሃያ ምናምን መስመር ፋይል እንደዚህ አያደርግም። ወደ ታች ጎተትኩት። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ብዙ መቶ ባዶ መስመሮች ካለፉ በኋላ ጽሑፍ መጣ።

ሠላሳ አራት መስመር ነበር። ሠላሳ ሦስቱ የአንቲቫይረስ ማደሻ ሰርቨሮች ስም ናቸው፤ ፊታቸው ላይ 127.0.0.1 አለ። ሠላሳ አራተኛው የባንኩ ስም ነው። እሱ ፊት ያለው ግን 127 አይደለም። የማናውቀው፣ የሩቅ ቁጥር ነበር።

ይህን ፋርሚንግ ይሉታል። ሰውየው ትክክለኛውን ስም ይጽፋል፤ የሚደርሰው ግን ሌላ ቦታ ነው። እሷን ያዳናት "የባንኩ ብልሽት" የመሰላት ማስጠንቀቂያ ነው። ሐሰተኛው ሰርቨር በባንኩ ስም የተሰጠ ሰርተፍኬት ማቅረብ አልቻለም፤ ብራውዘሩም አላሳልፍም አለ። ማስጠንቀቂያውን አልፋ ብትገባ ኖሮ የይለፍ ቃሏን በገዛ እጇ ለሌባ ትሰጠው ነበር።

እንዴት ገባ? ጥያቄው ወቀሳ እንዳይመስል ተጠንቅቀን ጠየቅን። ከሁለት ሳምንት በፊት ወጣቱ ባልደረባዋ ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ) የፒዲኤፍ ማስተካከያ አግኝቶ ጭኖላታል። ፕሮግራሙ "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ" ብሎታል፤ አጠፋው። "የአድሚን ፈቃድ ስጠኝ" ብሎታል፤ ሰጠው። በር ሰብሮ አልገባም። በትህትና ጠይቆ ነው የገባው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ኃላፊዋ ግን "እሱ ባይጭነው ሌላው ይጭነው ነበር። ቁልፉን ለሁሉም ያደልኩት እኔ ነኝ" አሉ። በዚህ ጉዳይ ሁሉ ከተነገረው እኔ የምወደው ይህን ነው።

ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቀልነው። የተበከለውን ፋይል ገልብጬ ያዝኩ። እሷ በስልኳ ለባንኩ ደወለች፣ የይለፍ ቃሏን ቀየረች፣ የሒሳቡ እንቅስቃሴ ተፈተሸ። የጎደለ አልነበረም። ከዚያ ፋይሉን አጽድቼ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት። ስከፍተው ሠላሳ አራቱ መስመሮች ቦታቸው ላይ ናቸው።

ፋይሉ ምልክት ነበር፤ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። የሚጽፍበት ፕሮግራም እስካለ ድረስ ሺህ ጊዜ ቢጸዳ ይመለሳል። ፋይሉን "ሪድ ኦንሊ" ማድረግም ብዙ አይረዳም፤ የአድሚን ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ምልክቱን አንስቶ ይጽፋል። የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ በሚፈትሽበት መንገድ አስኬድኩት። አንድ ነገር አግኝቶ አስወገደ። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ሰነዶቿን አውጥተን ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ግማሽ ቀን ወሰደብን። ባንክ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ "የጸዳ ይመስለኛል" ብሎ መሄድ አይቻልም።

የሌሎቹን አምስት ኮምፒውተሮች ፋይልም አየሁ፤ ንጹሕ ነበር። ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ ውስጥ "ዳታቤዝ ፓዝ" የሚባለውንም ተመለከትኩ። ዊንዶውስ ፋይሉን ከየትኛው ፎልደር እንደሚያነብ የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ከተቀየረ የምናየው ፋይል ንጹሕ ሆኖ የሚሠራው ሌላ ሊሆን ይችላል።

## የመጀመሪያው ሙከራ፦ ረጅሙ ዝርዝር

"ልጄ፣ እነሱ በዚህ ፋይል የፈለጉትን ከዘጉ እኛስ ለምን አንዘጋበትም?" አሉኝ ኃላፊዋ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሴ ነው ጥሩ ያልነበረው።

በነጻ የሚገኙ ዝግጁ ዝርዝሮች አሉ። ስቲቨን ብላክ የሚያዘጋጀው ከብዙ ምንጮች የተጠራቀመ ነው። ዳን ፖሎክ የሚያዘጋጀው ለረጅም ዓመታት የቆየ ነው። ዩአርኤልሃውስ ደግሞ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) በሚያሰራጩ አድራሻዎች ላይ ያተኩራል። እኔ ሲበዛ ይሻላል በሚል ስሌት አንዱን በአንዱ ላይ ደፋሁት። ከመቶ ሺህ በላይ መስመር ያለው ፋይል ሆነ። የማይክሮሶፍትን መረጃ መሰብሰቢያ ሰርቨሮች የሚዘጉ መስመሮችም ጨመርኩበት። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

የመጀመሪያው መሰናክል የሚያስቅ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩ ጭራሽ አልሠራም። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ኤንኤስሉክአፕ በተባለው ትእዛዝ ፈተሽኩ። የታገደው ስም ትክክለኛ ቁጥሩን ይዞ መጣ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሞከርኩ፤ እዚያም እንደዚያው። ሁሉም ጋ አልሠራም ማለት ነው ብዬ አንድ ሰዓት ተንከራተትኩ። ለካ ኤንኤስሉክአፕ በቀጥታ ዲኤንኤስን ነው የሚጠይቀው፤ ሆስትስ ፋይልን አያይም። መፈተሽ የነበረብኝ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ነው፤ እሱ ፋይሉንም ያያል። በፒንግ ሳየው አምስቱ ደህና ናቸው፣ ያ አንዱ ብቻ ነው ያልሠራው። እዚያ ኖትፓድ ስሙ ላይ "ቲኤክስቲ" ቀጥሎበታል። ዊንዶውስ ኤክስቴንሽኑን ስለሚደብቅ ለዓይን ልዩነት የለውም። ፎልደሩ ውስጥ ኤክስቴንሽን እንዲታይ ሲደረግ ነው ነገሩ የተገለጠው።

በማግስቱ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጠዋት ሲበሩ ለብዙ ደቂቃ ድርቅ ብለው ይቀራሉ። ይህ የታወቀ ነገር ነው። የዊንዶውስ የዲኤንኤስ አገልግሎት ፋይሉን ወደ ራሱ ማስታወሻ ይጭነዋል፤ ፋይሉ በጣም ሲረዝም ፕሮሰሰሩን ይይዛል። በአዳዲሶቹ ላይ አይታወቅም ነበር። በነዚህ ሁለቱ ላይ ግን ሥራ አስፈታ።

ከዚያ ሊንኮች አልከፈት አሉ። ደንበኞች በኢሜይል የሚልኩት ሊንክ ሲነካ ገጹ የለም ይላል። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ወስዷል። ብዙ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎቶች ሊንኩን በቀጥታ አይሰጡም። መጀመሪያ ማን እንደነካው በሚቆጥር ሌላ አድራሻ ያሳልፉታል። ያ የመቁጠሪያ አድራሻ ደግሞ የመከታተያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ዝርዝሩ በራሱ ሚዛን ልክ ነው፤ ክትትል ነውና ዘግቶታል። አንድ ደረሰኝ ግን በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ዘገየ። ሠራተኞቹ "ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል" ይላሉ። እኔም አልነገርኳቸውም ነበርና ምን ይበሉ?

ወጣቱ ልጅ ግን ደረሰበት። ብራውዘሩ ላይ ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ነጻ የቪፒኤን ኤክስቴንሽን (የብራውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም) ጨመረና ሁሉም ተከፈተለት። ብራውዘሩ እንዲህ በአማካይ ሰርቨር (በፕሮክሲ) ሲሄድ ስሙን የሚፈታው የሩቁ ሰርቨር ነው፤ የኛ ፋይል አይጠየቅም። ለሁለት ጓደኞቹም አሳያቸው። ማንነቱ በማይታወቅ ነጻ ፕሮክሲ በኩል የደንበኛ ሒሳብ ሲያልፍ ሳይ ሆዴ ተገለበጠ። ልጁን ወደዚያ የገፋሁት እኔ ነኝ።

ማሳረጊያው ከዲፌንደር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ ወዲህ ዲፌንደር የማይክሮሶፍትን ሰርቨሮች የሚዘጋ ሆስትስ ፋይል ሲያገኝ እንደተጠለፈ ይቆጥረዋል። አንዷ ሠራተኛ "ስጋት ተገኝቷል" የሚል መልእክት አየችና እንደ ጥንቁቅ ሰው "አጽዳ" የሚለውን ተጫነች። ፋይሉ ወደ ባዶው ቅጂ ተመለሰ። መቶ ሺው መስመር አንድ ላይ ጠፋ። ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ነው። ሠላሳ አራቱ የባንክ ሌባ መስመሮች የገቡት ዲፌንደር ጠፍቶ ሳለ ነው፤ የኔ ዝርዝር የተጠረገው ዲፌንደር ሲሠራ ነው። በሱ ዓይን የሌባውም የኔም ሥራ አንድ ነው፤ እሱም አልተሳሳተም።

## ያ ብቅ የሚለው ማስጠንቀቂያስ?

ይህን ሁሉ ያመጣው የመጀመሪያው አቤቱታ አልተነካም ነበር። የውሸት ማስጠንቀቂያው ከሚመጣበት ገጽ ስም ጀምሮ ዘግተናል። ማስጠንቀቂያው ግን መምጣቱን አላቆመም።

ነገሩ የብራውዘር ኖቲፊኬሽን ነው። አንድ ቀን ሰውየው አንድ ገጽ ላይ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ" ተብሏል፤ ተጫነ። ከዚያ በኋላ መልእክቱ የሚመጣው ከዚያ ገጽ በቀጥታ አይደለም። በብራውዘሩ ሠሪ የመልእክት ማስተላለፊያ ሰርቨር በኩል ነው። የገጹን ስም ሆስትስ ውስጥ መዝጋት መልእክቱን አያስቆመውም። ሲነኩት የሚከፈተውን ገጽ ብቻ ነው የሚዘጋው። ማስተላለፊያውን ራሱን ብንዘጋ ደግሞ የምንፈልጋቸው መልእክቶችም አብረው ይቀራሉ።

መድኃኒቱ ብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ነበር። ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ገጾች ዝርዝር ከፍቶ ማጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንዱ ላይ ሃያ ሦስት ገጽ ተፈቅዶለት አገኘሁ፤ ባለቤቱ አንዱንም አያስታውሰውም። ከዚያ ገጾች ፈቃድ መጠየቅ እንዳይችሉ ዘጋሁት። ዋናው አቤቱታ በዚያ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ከሆስትስ ፋይል ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

## ሁለተኛው ሙከራ፦ አጭሩ ዝርዝር

ረጅሙን ዝርዝር ከሁሉም ላይ አነሳሁት። ስድስቱን ሰብስቤ የሆነውን ተናገርኩ፤ የኔንም ስሕተት ጨምሮ። ከዚያ ሥራውን ከፋፈልነው።

ሁሉም ወደ ተራ አካውንት ወረዱ። የአድሚኑ የይለፍ ቃል ኃላፊዋ ጋ በታሸገ ወረቀት ተቀመጠ። ሆስትስ ፋይል የሚጻፈው በአድሚን ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ክራክም ሆነ ሌላ ነገር ዝም ብሎ አይጽፍበትም። ከተወሰደው እርምጃ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን አይቼ ያለፍኩትም እሱን ነበር።

ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን ወደ ኳድ9 ቀየርነው፤ ቁጥሩ 9.9.9.9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ አገልግሎት ሲሆን በጎጂነት የታወቁ ስሞችን አይፈታም። ክላውድፍሌርም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ 1.1.1.2 የሚል ተመሳሳይ አለው። ማልዌርን የማሳደድ ሥራ በየሰዓቱ ለሚያድሱት ሰዎች ተላለፈ ማለት ነው። ማስታወቂያው ደግሞ የብራውዘር ማገጃ ኤክስቴንሽን ድርሻ ሆነ። እሱ የገጹን ውስጥ አይቶ ይመርጣል። ሆስትስ የሚያውቀው ስም ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውና ቁምነገሩ ከአንድ ስም ሲመጡ መለየት አይችልም።

ለሆስትስ ፋይል የቀረለት ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የሚመጥነው ነው። ከኖቲፊኬሽን ዝርዝሮቹና ከብራውዘር ታሪክ ላይ እኛን ራሳችንን ያስቸገሩ ስሞችን ለቀምን። ሃምሳ ስምንት ሆኑ። ሁለት ሠራተኞች በሥራ ሰዓት ጊዜዬን ይበላብኛል ያሉትን ሦስት ገጽ በራሳቸው ጥያቄ ጨመርን። ስልሳ አንድ መስመር ሆነ፤ ከአንድ ስክሪን ትንሽ ያልፋል። ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቻላል።

እያንዳንዱ መስመር ደብተር ላይም ተመዘገበ፦ ቀን፣ ስም፣ ምክንያት፣ ማን ጠየቀ። ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር የዲኤንኤስ ካሹን (ኮምፒውተሩ ያስታወሳቸውን የቆዩ መልሶች) እናጸዳለን፣ ብራውዘሩን ዘግተን እንከፍታለን፣ በፒንግ እንፈትሻለን። የቀድሞውን ቅጂ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጣለን።

እንዲህም ሆኖ ሙሉ አይደለም። ፋይሉ "ሁሉንም" ብሎ የሚወክል የኮከብ ምልክት (*) አያውቅም። አንድን ስም ብንዘጋ ከሱ ሥር ያሉት ንዑስ ስሞች ክፍት ናቸው፤ አንድ በአንድ መጻፍ አለባቸው። በአይፒ ቁጥር በቀጥታ የሚሄድ ፕሮግራምም ፋይሉን አይጠይቅም። ወጣቱ ልጅ ስለ ቪፒኤኑ አነጋግሬው ራሱ አነሳው። አሁን ተራ አካውንት ላይ ቢሆንም የብራውዘር ኤክስቴንሽን መጨመር ይችላል። ያን አልዘጋሁም፤ ተስማምተናል።

## ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ሆስትስ ፋይል ላይ ከመጻፍ በፊት ያለውን ማንበብ ይቀድማል። እስከ መጨረሻው መስመር፣ ባዶውንም ጎትቶ። እኛ ዝርዝር ለመለጠፍ ብቻ ከፍተነው ቢሆን ኖሮ አሮጌው ላይ ደፍተንበት የባንኩን ነገር ሳናውቀው እናልፍ ነበር፤ ተንኮለኛው ፕሮግራምም እዚያው ይቀመጥ ነበር።

ስለ ዝርዝር ርዝመት ሐሳቤ ተለውጧል። ቤት ውስጥ፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ፣ ሲበላሽ ራሱ ማስተካከል ለሚችል ሰው ረጅሙ ዝርዝር ክፉ አይደለም። ለሌላ ሰው ስትሠሩ ግን አንዱ ገጽ አልከፈት ሲል "የትኛው መስመር ነው?" ለሚለው መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። ከመቶ ሺህ መስመር ውስጥ መልሱ አይገኝም።

ማልዌርን በስም ዝርዝር ማሳደድ ደግሞ ከመነሻው ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ኮንፊከር ዎርም በየቀኑ 250 አዲስ የድረ ገጽ ስም በቀመር ይፈጥር ነበር። በ2009 የመጣው ዝርያው ቁጥሩን በቀን ወደ 50,000 አሳደገው። ይህን በኖትፓድ የሚከተል ሰው የለም። ሆስትስ ጥሩ የሚሆነው ስማቸው የማይቀያየር፣ እኛ የምናውቃቸውን አስቸጋሪዎች ለመዝጋት ነው።

ሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ "ድረ ገጹ ተበላሽቷል" ብሎ ማለፍ የሁላችንም ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለታችንም ያንን ብለናል፤ እሷም እኔም። አሁን የማደርገው አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ በሌላ ዕቃ፣ በዚሁ ኔትወርክ ይከፈታል ወይ? ከተከፈተ ኮምፒውተሩን አልለቅም።

## አሁን ያለበት

በመጀመሪያው ወር ስምንት ጊዜ ተደውሎልኛል። በሦስተኛው ወር ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ስለ ፕሪንተሩ ነው። ስልኮቹ ላይ ሆስትስ ፋይል አልነካንም፤ የሚጠበቁት በራውተሩ ዲኤንኤስ ብቻ ነው፣ ከቢሮ ሲወጡ ያም የለም። ሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች በስልሳ አንድ መስመር ምንም አልተሰማቸውም።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊዋ ደብተሩን ይዘው መጡና አርባ ሰባተኛውን መስመር አሳዩኝ። አንድ ሠራተኛ ያ ገጽ ለሥራ ያስፈልገኛል ብሏል፤ ይከፈትለት ወይስ አይከፈትለት ብለው ነው። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር ምንም አልተጻፈም። ማን ጠየቀ የሚለውም ባዶ ነው። ከፊቱ # አድርጌ መስመሩን አቦዘንኩትና ደብተሩን ጠጋ አድርጌ አየሁት። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።